ጥቅል ጎመንና መባጃ ሐመር

ሌላ አገር አትክልት ሊተክል ያሰበ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል አሉ። እኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ የኔታ ነው። ገና የደመራው አመድ ሳይበርድ «የኔታ፣ የዘንድሮ ሁዳዴ መቼ ይገባል?» የሚል ሰው ደጃቸውን ይመታል። የኔታም ጠያቂው ለነፍሱ ብቻ ተጨንቆ እንዳልመጣ ከጫማው ጭቃ ይለዩታል። «ለጾሙ ነው ለጎመኑ?» ይሉታል። «ለሁለቱም ነው» ይላል ጎንበስ ብሎ። በቅኔ አገር እንዲህ ያለ መልስ ውሸት አይባልም፤ ሰሙ ጾም ነው፣ ወርቁ ጥቅል ጎመን።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ማርቆስ ላይ አትክልት ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ የሚከበረው ግን በሁዳዴ ነው። ለ55 ቀን ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና ዕንቁላሉ ይሰናበትና ትሪው መሐል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሽሮ ብቻውን አይሸፍነውም፤ ስልጆና ተልባም ዳር ዳሩን ነው የሚይዙት። ያን ባዶ ቦታ የሚሞሉት ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ናቸው። የቅበላ እሑድ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጥቅል ጎመን ሰኞ ጠዋት ባለማዕረግ ሆኖ ይነሣል፤ ዋጋውን ስትጠይቁ ነጋዴዋ ሳትሆን ጎመኑ ራሱ የሚመልስላችሁ ይመስላል። መንገዱ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ደግሞ ከሩቅ በመኪና የሚመጣውን ተማምኖ መቀመጥ የለም። ጓሮ ያለው ሁሉ ዓይኑን ጓሮው ላይ ጥሏል።

እንግዲህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥቅል ጎመን ከመደብ ተነሥቶ ከተተከለ በኋላ ለመጠቅለል ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ብርድ ካገኘው ደግሞ ይለግማል። ከዚያ በፊት ችግኙ መደብ ላይ አምስት ስድስት ሳምንት ይቆያል። የካቲት ላይ ሊቆረጥ የተፈለገ ጎመን ዘሩ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መባቻ መበተን፣ ችግኙም ኅዳር ላይ መሬት መግባት አለበት። ኅዳር ላይ ማርቆስ ምን እንደሚገባ ደግሞ አገር ያውቃል፦ ውርጭ። እስከ ጥር ድረስ የሚዘልቀው ቁር የሚመጣው ችግኙ ገና ሥሩን ዘርግቶ ሳይደላደል ነው። አንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ብርዱ እስኪያልፍ ጠብቀው በጥር መጨረሻ ይተክላሉ፤ ሌሊትም ይተኛሉ። የእነሱ ጎመን ግን የሚደርሰው ለፋሲካ ነው። በጉ ታስሮ፣ ዶሮው እግሩን ተጠፍሮ በተቀመጠበት ዕለት ጎመን ታቅፎ የመጣን ሰው ማን ቀና ብሎ ያየዋል?

በዚህ ላይ ሁዳዴ ራሱ አንድ ቦታ አይቆምም። ባሕረ ሐሳብ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው መካከል ያመላልሰዋል። ይህ ለምእመን የአንድ ወር ነገር ነው፤ ለጎመን ግን የዕድሜው ሲሶ ነው። በ2016 ዓ.ም ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነበር። ያን ዓመት የሰፈራችን ተካዮች ደልቷቸው፣ ጥቅምትን ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ሠርግ ሲበሉ ከረሙ። በ2017 ወደ የካቲት 17 ተሳበ። በ2018 ደግሞ የጾሙን ቀን የሚወስኑት ቁጥሮች፣ መጥቅዑ 18፣ መባጃ ሐመሩ 25 ወጡና ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ 23 ቀን ወደ ውርጩ ሆድ ገባን ማለት ነው። ስሌቱን ደረደረው የሚባለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ጥቅል ጎመን በሐሳቡ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ሆኖም እኛ ሰፈር ውዳሴ ማርያም በቃሉ የማይወጣለት ሰው የመባጃ ሐመርን ተውሳክ ሳይሳሳት የሚደምረው በጎመን ምክንያት ነው። የኔታም ይህን አይተው ተስፋ አልቆረጡም፤ «በየትም በኩል ይምጣ፣ ብቻ ይምጣ» ይላሉ።

ከተማችን ጥንት መንቆረር በምትባልበት ዘመንም ብርዷ ያው ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቅዱስ ማርቆስን አሠርተው ስሟ ሲለወጥ ብርዷ አብሮ አልተለወጠም። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከደጀን ቁልቁል ወርዳችሁ ዓባይ ድልድይ ላይ ብትቆሙ ከእሷ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛልና ድልድዩ ላይ ሸሚዙን በላብ ያራሰ ተሳፋሪ ማርቆስ ሲደርስ ጋቢ የሚጠይቀው ቀብጦ አይደለም። በስተሰሜን ደግሞ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ አናቱን አንሥቶ ቆሟል።

ግን ከፍታ ብቻውን ጎመን አይገድልም። በክረምትም እኮ ከፍታው ያው ነው፤ ውርጭ ግን የለም። ክረምት ላይ ደመናው ሌሊቱን ሙሉ ተዘርግቶ መሬት ቀን የዋጠችውን ሙቀት ያግድላታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ገጣሚ የሚወደው፣ ጎመን የሚፈራው ሰማይ ነው። መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፣ የሚመልስላት የለም። ሊነጋጋ ሲል ሣሩ ነጭ ለብሶ ይታያል። ከዚያ ሌላው የብርድ ጠባይ ይመጣል፦ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ረባዳ ቦታ ሲያገኝም ይተኛል። ለዚህ ነው ጨሞጋ ዳር ያለው ጥቁርና ለም መሬት ሌሊት ሲቃጠል፣ ተረተሩ ላይ ያለው ድንጋያም ጓሮ የሚተርፈው። መስኖ ያለው ሰው ብርድ አለበት፤ ብርድ የቀለለት ሰው በጀሪካን ውኃ ሽቅብ ይሸከማል። ፈጣሪ ለማርቆስ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አልሰጠውም፤ ለምን እንደሆነ የኔታም ሲጠየቁ ርእስ ይለውጣሉ።

ከእኔ ግቢ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ይህን የብርድ አፈሳሰስ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ማወቃቸው ግን ከመትከል አላዳናቸውም። ጡረታ በወጡ ዓመት ጓሯቸው በሙሉ ጥቅል ጎመን ሆነ። ቴርሞሜትር ገዝተው የጓሮው በር መቃን ላይ ሰቀሉ። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጡና አንብበው ለሰፈሩ ያውጃሉ። «ዛሬ አራት!» ይላሉ። «ዛሬ ሁለት!» ይላሉ። ምንም ሳይናገሩ የገቡ ዕለት ዜሮ መሆኑን እናውቃለን፤ ሰዉም በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «እግዜር ያጽናዎት» ይላቸዋል።

ችግኝ የማልበሱ ሥራ በሣር ነው የተጀመረው። ቀጥሎ ጆንያ መጣ፤ ከጆንያ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸጋገሩ። ከዚያ ከመንገድ የተለቀመ ሃይላንድ ሁሉ ቂጡ እየተቆረጠ በየችግኙ ራስ ላይ ይደፋ ጀመር። መምህር ለሰፈሩ ልጆች በአንድ ሃይላንድ አንድ ከረሜላ ይከፍሉ ነበርና፣ ከተማዋ በዚያ ሰሞን ከጽዳት ዘመቻ ያላገኘችውን ንጽሕና ከመምህር አገኘች። ሃይላንዱ ሲያልቅ ዓይናቸው ወደ ኩሽና ዞረ። እንቅቡ ወጣ፤ ሰፌዱ ተከተለ። ሰማዩ ያለ ልክ በጠራበት አንድ ምሽት አክንባሎው ሄደ።

በማግሥቱ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነበር። ምጣዱ ግሏል፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ የመጀመሪያው እንጀራ ተሰፍቶ ዓይን አውጥቷል። የመምህር ባለቤት እትዬ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ቢሰዱ አክንባሎ የለም።

«መምህር! አክንባሎዬን የት አደረሱት?»

«ጎመኑን አልብሼው ነው።»

«እኔንስ ማን ያልብሰኝ? ጋቢዬም እኮ እዚያው ነው ያለው!»

እውነታቸውን ነው። ጋቢያቸው ሰላጣው ላይ አድሮ ነበር።

ይህ ዕብደት የማርቆስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወንጌል ስሙን የምናውቀው ጢባርዮስ ቄሣር ዱባ መሰል ኪያር ከማዕዱ እንዲጠፋ አይወድም ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደተረከው አትክልተኞቹ መደቡን በመንኮራኩር ላይ ሠርተው ቀን ወደ ፀሐይ ይገፉታል፣ ሲበርድ ብርሃን በሚያሳልፍ ድንጋይ ይከድኑታል። የፓሪስ ከተማ አትክልተኞችም በ19ኛው መቶ ዘመን የደወል ቅርጽ ያለው መስተዋት በየችግኙ ላይ ይደፉ፣ ከሥሩ ደግሞ ትኩስ የፈረስ ፍግ ይቀብሩ ነበር፤ ፍግ ሲብላላ ይግላልና አፈሩን ከታች ያሞቀዋል። ቄሣር አገልጋይ ነበረው፣ ፓሪስ መስተዋት ነበራት፣ መምህር አክንባሎ አላቸው። የፍጉን ነገር ከእኔ ሲሰሙ ግን ዓይናቸው በራ። ሳምንት ሳይሞላ ከአንድ ባለጋሪ ጋር ተዋውለው የችግኝ መደባቸውን ከሥሩ በፈረስ ፍግ ሞሉት፣ ከላዩ አፈር አለበሱት። ችግኙ እውነትም ከሁላችንም ቀድሞ ወጣ። ሽታውም ቀድሞ ወጣ። ኪዳን አድርሰው በዚያ መንገድ የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሲያልፉ እንግዳ የሆነ ሰው ለትሕትና ይመስለው ነበር።

ከመምህር ማዶ እማሆይ አሉ። እማሆይ ጓሮ ውስጥ ያለው ያበሻ ጎመን ነው፤ የሚጠቀለል አይደለም፣ ቅጠሉ የሚቀነጠበው፣ ጎመን ዘሩ ሲያፈራ ምጣድ የሚታሰስበት፣ የራሳችን የሆነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም እስከዚህ አገር ድረስ መጥቶ ዘር ሲለቅም የከረመው ደጋችን የብዙ አዝርዕት መነሻ ነው ብሎ ስላመነ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ ይኸው ጎመን ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፣ ውርጩ ቅጠሉ ላይ ይረጋል፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን አራግፎት ደህና ነው። አንድ ጠዋት መምህር ሃይላንዳቸውን ሲያነሡ እኔ እማሆይን በአጥር በኩል ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ እርስዎ ጎመንዎን አያለብሱትም?»

«እኔ ራሴ ምን ለብሼ ነው ልጄ?»

እማሆይ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብርድ የሚሸታቸው ዕለት ቀትር ላይ መደቡን በደንብ ያጠጣሉ። ለተመልካች ዕብደት ይመስላል፤ ለሚበርደው ውኃ ማን ያፈሳል? መምህር ግን ያብራሩልናል፦ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀን ሙቀት ይዞ ያድራል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል። እማሆይ ይህን ማብራሪያ ሰምተው «የጠማው ሰው ብርድ ይጸናበታል፤ ይህን ለማወቅ ጂኦግራፊ አያስፈልግም» አሉ። መምህር ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት ጂኦግራፊ አይጠቅሱም።

ድንች ደግሞ ለብቻው ጣጣ ነው። ይህን ሥር ወደ አገራችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፣ በ1858 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። እንደ እንግዳ ብዙ አልጠየቀም፤ ችግሩ የሚተከልበት ወቅት ነው። ዝናብ ላይ ከተተከለ አየርላንድን በረኀብ የፈታው ያ ቅጠል አጥቁር በሽታ ይጠብቀዋል፤ ሰማዩ ሲደርቅ ከተተከለ ውርጩ አለ። የሰናን ገበሬዎች፣ ረቡዕ ገበያና አካባቢው ያሉት፣ ሁለቱን ጠላቶች መዝነው በመስኖና በበልግ መትከልን ለምደዋል። ውርጭ ቢያንስ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፤ ከመሬት በታች ያለውም ከተረፈ ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። በሽታው ግን እግር በእግር ተከትሎ ሥሩ ድረስ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጥቁር ቅጠል አይቶ ድንቹን ነቅሎ የጣለ ሰው በሳምንቱ የጎረቤቱን ድንች አረንጓዴ ሆኖ ሲያይ የሚንገበገበው። መታገሥ ነበረበት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለሱ ነው።

ቀድሞ ለመትከል ዘሩ ቀድሞ ማጎንቆል አለበት። ጨለማ ቤት የከረመ ድንች ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ጉንቁል ያወጣል። ለዘብ ያለ ብርሃን ያገኘ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ያወጣል፤ የሚፈለገውም ይኸኛው ነው። ስለዚህ ከመስኮት አጠገብ ያለው ቦታ በዚህ ወራት ከሰው ላይ ይወሰዳል። አንድ ወዳጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋው ወደ ጓዳ ተሰዶ የሶፋው ቦታ ላይ በዕንጨት ርብራብ የተደረደረ ድንች ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ድንቹን ላለማጨለም ዘወር ብሎ እንዲቀመጥ ይለመናል። ዘሩ ከሆለታ ምርምር ማዕከል ከወጡት አንዱ ነውና ከጎረቤቱ ጋር እንዲህ ተባባሉ፦

«ምን ተከልህ?»

«በለጠ።»

«ከማን?»

እስከ ዛሬ በደንብ አይነጋገሩም።

ቲማቲምን ተዉት። አንድ የሰፈር ጎረምሳ ዓባይ በረሃ ካሉ ዘመዶቹ ያማረ ችግኝ በካርቶን ይዞ መጥቶ ነበር። ቲማቲም ሌሊቱ ከአሥር ዲግሪ በታች ሲወርድበት ያስጠላዋል። ውርጭ ያልነካው ዕለት አይሞትም፣ አይኖርምም፤ ዝም ብሎ ይታዘባል። ልጁ ሌሊት ሌሊት ወደ ቤት አስገብቶ ከራስጌው ያስቀምጠው ነበር። እናቱ «ሚስት ብታገባ ይሻልሃል» እስኪሉት ድረስ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ረኀብ ያመጣው አይደለም። መምህር ለከረሜላ፣ ለፍግ፣ ለቴርሞሜትርና ለአዲስ አክንባሎ ያወጡት ሲደመር የሁዳዴን ጎመን በሙሉ ከገበያ ገዝተው ለእማሆይም ይተርፋቸዋል። ቀድሞ መትከል በእኛ አገር የክብር ጉዳይ ነው። አባቶቻችን በጤፍ ይፎካከሩ ነበር፤ ጓሮ ደግሞ የሴት ነበረች፣ ወንድ ልጅ ጎመን ሲኮተኩት ቢታይ የሚባለውን ይባል ነበር። ዛሬ ግን የከተማው ወንድ ማሳ የለውም፤ ያለው ከቤቱ ጀርባ ያለች ቁራሽ ናት። የወረሰውን ፉክክር ሁሉ እዚያች ላይ አራገፈው። የዘወረደ ሰኞ በራሱ ጎመን የጾመ ሰው በሰፈሩ እንደ ልቡ ያስላል።

የመጀመሪያው ጎመን በሳህን ተደርጎ ለጎረቤት መላኩ ግዴታ ነው። ይህ ልግስና አይደለም፣ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ጎረቤትም ደንቡን ያውቃል፤ ቀምሶ አንድ እንከን ያወጣለታል። «ትንሽ ጠጠረብኝ» ቢባል ምንም አይደለም። «ዘይት በዝቶበታል» ቢባል ሚስትን ነው፣ ጎመኑን አይነካም። መሞት የሚሻለው «የት ገበያ አገኛችሁት?» የተባለ እንደሆነ ነው።

ዓይንም አለ። ጎመኑ የሚተከለው እንዲታይ ነው፤ ሲያምር ደግሞ እንዳይታይ ይፈለጋል። በየጓሮው እንጨት ላይ የተሰቀለ ቀንድ፣ የተደፋ ገል፣ የተንጠለጠለ ያረጀ ጫማ የምታዩት ለዚህ ነው፤ ዓይን መጀመሪያ እሱ ላይ እንዲያርፍ። መምህር በትምህርታቸው ምክንያት በዚህ አያምኑም። አሮጌውን ሉል፣ ያን በትምህርት ቤት የሚዞረውን፣ መደቡ መሐል እንጨት ላይ የሰኩት ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ለጌጥ ነው» አሉን።

የመምህር አጥር ነገር የመጣው በዚህ ሰሞን ነው። አንዲት ተማሪያቸው የነበረች ወጣት የግብርና ባለሙያ ጓሮውን አይታ «መምህር፣ የታችኛው አጥርዎ ድፍን ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ብርድ እንደ ግድብ እየያዘ ጎመንዎ ላይ ያስተኛዋል። ከታች በኩል ክፈት ያድርጉለት፣ ይውጣ» አለቻቸው። መምህር ይህን ለአርባ ዓመት ያስተማሩት ነገር ነበርና በተማሪ አፍ ሲሰሙት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ድንጋዩን አንሥተው አንድ ክንድ የሚያህል በር ከፈቱ። ብርዱ በዚያ ወጣ። ቴርሞሜትሩ ራሱ መሰከረ። የቅበላ ሳምንት ላይ፣ ጎመኑ ሊቆረጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ብርዱ በወጣበት የጎረቤት ፍየል ገባች።

ሽማግሌ የተቀመጠው በዘወረደ ሳምንት ረቡዕ፣ ከኪዳን መልስ ነው። የፍየሏ ባለቤት ጥፋት የለብኝም ባይ ናቸው።

«አጥር ሰብራ ነው የገባችው ወይስ በተከፈተ?» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

«በተከፈተ» አሉ መምህር፤ «ግን የተከፈተው ለብርድ እንጂ ለፍየል አይደለም።»

«እንዲያ ተብሎ ቢጻፍበትስ» አሉ ባለፍየሉ፣ «ፍየሌ መቼ ተማረች?»

መምህር ካሣ በገንዘብ አልፈልግም አሉ። ጎመናቸው አሁን ፍየሏ ውስጥ እንደሆነ፣ ፍየሏም ለፋሲካ መታረዷ ስለማይቀር ያን ጊዜ ድርሻቸው ታስቦ ከጎድን በኩል እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ባለፍየሉ የምትታለብ ናት፣ አትታረድም አሉ። ክርክሩ ወተቱ ውስጥ ያለው ጎመን ለማን ይገባል ወደሚለው ሲዞር ዘጠኝ ሰዓት ሆነና እትዬ ትሪ ይዘው ብቅ አሉ። ፍየሏ ያልጨረሰቻቸው፣ በከፊልም የጀመረቻቸው፣ ታጥበው ከካሮትና ከድንች ጋር አልጫ ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ጸሎት ተደረገና ትሪው ተከበበ።

ከበሉ በኋላ ፍርዱ ቶሎ ወጣ፦ ጎመኑ ደግ ጎመን ነው፣ ስለዚህ ፍየሏ አልተሳሳተችም፤ ባለቤትየው ቀን ቀን ይሰሯት፣ መምህርም በሩን ቀን በእሾህ ዘግተው ማታ ለብርዱ ይክፈቱለት። መምህር ጉዳቱ እንዲታይላቸው የተበሉትን ራሶች ላሳያችሁ ብለው ተነሡ። እትዬ ሁሉንም ቀቅለዋቸዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው የተረፈ ካለ ትንሽ ጨመር እንዲደረግላቸው ጠየቁ።